የሚያፈሰው የውሃ ቦርሳ

መጋቢት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ቡሬ

ዛሬ ስናደድ ዋልኩ። ትናንት ገበያ ሁለት ዓይነት የውሃ ቦርሳ አገኘሁ፤ በጀርባ የሚታዘል፣ ውስጡ የላስቲክ ከረጢት ያለው፣ በቱቦ የሚመጠጥ። ባለቤቴ አበባ ቱቦውን ጎተት ጎተት አድርጋ «የዚህኛው መገጣጠሚያ ላላ ያለ ነው፤ ወፍራሙን ውሰድ» አለችኝ። እኔ ርካሹን ወሰድኩ።

ዛሬ ከብት ልከትብ በብስክሌት ወደ ሽንዲ ስወርድ፣ መንገዱን ሳላጋምስ ቱቦው ወለቀና ውሃው በሙሉ በጀርባዬ ወረደ። ሱሪዬ በሰበሰ፤ ጉሮሮዬ ግን ደረቀ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሲያዞረኝ ብስክሌቴን አንድ ደጅ ላይ ጣልኩና ቁጭ አልኩ። አንዲት አሮጊት ወጥተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ዝናቡ አንተን ብቻ ነው እንዴ ያገኘህ?»

«ዝናብ አይደለም እማማ፣ የምጠጣው ውሃ ነው።»

ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው በቅል ውሃ ሰጡኝ። ደጋግሜ አስቀዳኋቸው።

አመሻሽ ላይ ቦርሳውን ይዤ የሸጠልኝ ባለሱቅ ዘንድ ሄድኩ። አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ይሄማ ውሃ ገብቶበታል። ውሃ የነካው ዕቃ አንቀበልም» አለኝ።

የውሃ ቦርሳ ውስጥ ታዲያ ምን እንድጨምር ፈልጎ ነው? ጤፍ?