«ኔትወርክ ነው» አልኳቸው

ጠበቃዬ፣
ሩዙ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቂና ብዪ። የትላንቱን ሳትነኪው ነው ያነሳሁት።
እህቴን ምጥ ስለያዛት ሆስፒታል ሄጃለሁ። በርሽን አንኳኩቼ ነበር።

ዛሬ በኦንላይን የሕግ ትምህርታችን ላይ መምህሩ ደጋግመው ጠሩሽ። ፎቶሽ ብቻ ቁጭ ብሏል።
«ይቺ ልጅ ግቢ እያለን አንድ ዐረፍተ ነገር አታስጨርሰኝም ነበር። ወረርሽኙ ቤት ካስገባን ወዲህ ምን ነካት?» አሉ።
እኔ «ኔትወርክ ነው» አልኳቸው። የሚለየን ግድግዳ ብቻ ሆኖ ሳለ ዋሸኋቸው።

እዚሁ ቤት ሆነሽ ትናፍቂኛለሽ።

ነገ ጠዋት እንደገና ይጠሩሻል። ጥያቄውን ባትመልሺም ግድ የለም። ማይኩን ክፈቺና «አለሁ» በያቸው።
እኔም ከሆስፒታሉ ሆኜ እሰማለሁ።