ሶፍት ያቀበልኩት ሹፌር

አንቺ ጉደኛ እህቴ፣ «አፍሽ ስለት ነው፣ ሱሰኛ መርዳት ላንቺ ምን አላት» ያልሽውን መልሰሽ ዋጪው። እዚህ የሱስ ማገገሚያው ስልጠና ላይ የሚፈለገው ጆሮ ነው። መጠጥ ሊተው የገባ አንድ ሹፌር ስለ ልጁ ሲያወራኝ እንባው መጣ፣ እኔም ቶሎ ብዬ ሶፍት አቀበልኩት። እኛ ሰፈር ያለቀሰ ሰው «በቃ፣ በቃ» ይባል የለ? ፊቱን ጠረገ፣ ወሬውን እዛው ቆረጠ፣ ከዛ ቦርሳውን ይዞ ከማገገሚያው ወጣ። አሰልጣኟ «ሶፍት ስትሰጪው እኮ አታልቅስ ማለትሽ ነው» አለችኝ። በሩን ድርግም አድርጌባት ወጣሁ። ሰውዬው በዛው ቀረ። ዛሬ አልጋውን ለሌላ ሰው ያነጠፍኩት እኔው ነኝ። ያኔ ትምህርቱን ጥዬ ወጣሁ፣ ይሄንን ስልጠናም ከጣልኩ ምን ቀረኝ? ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፣ እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ለአባዬ ትንፍሽ እንዳትዪ። ካርዱ በደረሰሽ ቀን ሳይመሽ ደውለሽ ቆዪ በዪኝ፣ ከመሸ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቤት መንገድ ላይ ነኝ።