ከእኔ የደበቅከው እግር

ውድ ወንድሜ ታረቀኝ፦

«አባ ወልደ ሩፋኤል» ብዬ፣ «እርስዎ» እያልኩ ልጽፍልህ ሞክሬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ምንኩስናህን ንቄ አይደለም። የተቆጣሁት ግን አምበር ከተማ አብሮኝ ባደገው በአያ ታረቀኝ ላይ ስለሆነ ዛሬ «አንተ» እልሃለሁ። ሰላምታውም ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

እግሬ እንደታመመ ሰምተሃል። እናታችን እስከ ገዳሙ በር መጥታ በሰው ስታስነግርህ «እጸልይላታለሁ» ብለሃል አሉ። የሰማኸው ግን ጥቂቱን ነውና ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ደብረ ማርቆስ ባለችው ልብስ መስፊያ ቤቴ ተቀምጬ የሠርግ ቀሚስ ስሰፋ፣ ቀኝ እግሬ የመኪናውን መርገጫ እንቢ አለኝ። የረገጥኩ ይመስለኛል፤ መኪናው ግን ቆሟል። ደክሞኝ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ጫማዬ ወልቆ ወደ ኋላ ሲቀር ሳይታወቀኝ ሦስት አራት እርምጃ እሄድ ጀመር። ኅዳር ሳይወጣ ከደጃፌ ደረጃ ወድቄ ግንባሬ ተሰፋ። ባሌ ጌቱ በባጃጁ ይዞኝ ሆስፒታል የሄድነው ያን ቀን ነው።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። እግሬን በትንሽ መዶሻ እየመታች፣ በመርፌ እየነካካች ብዙ ጠየቀችኝ።

«በቤተሰብ እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው አለ? እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ? እግሩ የሚደክም፣ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ?»

«ያለኝ አንድ ወንድም ነው። መነኩሴ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚጸልይ ሰው ነው» አልኳት። በኩራት ነው የነገርኳት፤ ይግባህ። እሷም «የለም» ብላ ጻፈች።

በዚያች አንዲት ቃል ስድስት ወር ሄደ። ምናልባት ከወገብ ነው ተባለና ባሕር ዳር ሄጄ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ቁርጥ ያለ ነገር አልተገኘም፤ ግን «ቀዶ ጥገና ያስፈልግሽ ይሆናል» ተባልኩ። ምናልባት ቫይታሚን ነው ተባለ፤ መርፌ ተወጋሁ። ምናልባት ሌላ ነው ተባለ፤ ደሜ ተቀድቶ አዲስ አበባ ሄደ። ስም ያለው በሽታ ቢሆን እረግመው ነበር፤ ስም የሌለውን ምን ብዬ ልርገመው? ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ብርድ ልብሱን ገልጬ የእግሬ ጣቶች ይነቃነቁ እንደሆነ ማየት ነው። ቀጥዬ እጆቼን አያለሁ። ክር መርፌ ውስጥ አልገባ ሲለኝ፣ ዓይኔ ነው ወይስ ጣቴ እያልኩ ላብ ያጠምቀኛል።

በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ አለኝ። የሚያሠራኝ ይታያል የሚባል የይጁቤ ልጅ ነው፤ ሳቂታ ነው፣ ግን አይምርም። ግራና ቀኝ በተተከለ ብረት መካከል ያቆመኝና «ተረከዝ መጀመሪያ! ተረከዝ፣ የብርጓል!» ይለኛል። አንድ ቀን ከብረቱ ጫፍ ሳልደርስ ተደፋሁ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጮህኩበት።

«ይኼ ሁሉ ለየትኛው በሽታ ነው? መዳኛዬ ነው ወይስ ማባበያዬ? ንገረኝ!»

መጥቶ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «አላውቅም» አለኝ። «እኔ የማውቀው ካልሠራሽ ጅማትሽ እንደሚያጥር ነው። እነሱ ስሙን እስኪያገኙት፣ አንቺና እኔ እግርሽን እንጠብቅ።»

«አላውቅም» ብሎ ፊት ለፊት የነገረኝ እሱ ብቻ ነው። አንተ ግን ታውቅ ነበር።

የአምበሯን ጎረቤታችንን አይናዲስን መቼም አትረሳትም። በግንቦት የገዳማችሁን ክብረ በዓል አክብራ ስትመለስ እኔ ጋ አረፈች። ሻይ ይዤላት ስመጣ አረማመዴን አየችና ብርጭቆውን መቀበል ረሳች።

«ውይ! ልክ እንደ አባ ነው እኮ የምትራመጂው!»

«እንደ የትኛው አባ?»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። አልለቀቅኳትም። «ታቦቱ ከበር ሲወጣ አየኋቸው፤ በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄዱት» አለችኝ በመጨረሻ። «እግራቸው እንዳንቺው ይጎተታል። ከመመንኮሳቸው በፊት ጀምሮ ነው አሉኝ። ‹ለእህቴ እንዳትነግሪያት፣ ትጨነቃለች› ብለው አስምለውኝ ነበር።»

ትጨነቃለች! ስድስት ወር ሙሉ ምን ላይ የነበርኩ መሰለህ?

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር መጣልኝ። የሰንደል ጫማህን ማሰሪያ በገመድ ቁርጭምጭሚትህ ላይ ትጠፍረው የነበረው። ከቅዳሴ ስንመለስ በደረቅ መንገድ እየወደቅህ «አዳለጠኝ» የምትለው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሳትሰናበተን ስትሄድ እናታችን ሦስት ቀን አልቅሳ «ልጄን እግዜር መረጠው» ብላ ተጽናናች። እኔም አብሬ ተጽናናሁ። ሕመምህን ይዘህ ከሰው ዓይን መሸሽህን ማን ጠረጠረ? እምነትህን አልነካም። ግን የእኔም የሆነ ነገር ይዘህ ሄደሃል።

ለገዳማችሁ መጋቢ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሁለቱን «ጸሎት ላይ ናቸው» አሉኝ። በሦስተኛው ድምፅህን ከጀርባ ሰማሁት። «የለም በሏት» ስትል። ዘጠኝ ዓመት የናፈቅኩት ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማኝ ይህን ነው።

በማግስቱ ሐኪሟ ጋ ሄጄ «አለ» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይኼ ብዙ ነገር ይቀይራል» አለች። በዘር የሚመጣ የነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ አሁንም ግን «ሊሆን ይችላል» ነው። አንተን ማየት አለባት። መቼ እንደጀመረህ፣ እንዴት እንደሄደ፣ እጅህን ነክቶህ እንደሆነ ማወቅ አለባት። እሱ ከሆነ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ግን ወገቤን ማንም አይከፍተውም፤ ለእግሬ ድጋፍ ይሠራልኛል፤ የሚመጣውን አውቄ እጠብቀዋለሁ።

ደግሞ ልጄ ሂዊ አለች። አንተ ስትሄድ ክርስትና ያልተነሣች ጨቅላ ነበረች፤ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ገመድ ስትዘል ወደቀች። ልጅ ይወድቃል፤ አውቃለሁ። ግን ሮጬ፣ ማለት እየተጎተትኩ፣ ጫማዋን አውልቄ እግሯን ስጨብጥ «እማ፣ እኔ እኮ አላመመኝም፤ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? እንዳንተ «እንዳትጨነቅ» ብዬ ዝም ልበል? አላደርገውም።

ሐኪሟ ሰኔ አሥራ አምስት ጠዋት ልታይህ ቀጥራለች። ጌቱ በዋዜማው መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ በባጃጁ ይመጣል፤ ከገዳሙ እስከዚያ ለምትቀመጥባት በቅሎ ተነጋግሯል። አንተ አበምኔቱን አስፈቅድ። ሰው እንዳያይህ ካፈርክ በጋቢ ተሸፋፍነህ ግባ። ካልመጣህ እኔው እመጣለሁ። ሴት ከማታልፍበት በር ላይ ቁጭ ብዬ የሚገባውን የሚወጣውን ሁሉ «ወንድሜን ጥሩልኝ» እላለሁ። እንደማደርገው ታውቃለህ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ አይናዲስ ናት፤ መልስህን ሳትሰማ ከበሩ ንቅንቅ አትልም።

ጸሎትህን አልጠላሁትም። መጥተህ ጸልይልኝ።

ይታያልን ስለ አንተ ስነግረው «እሳቸውንስ ማን ያሠራቸዋል?» አለኝ። ማንም። ዘጠኝ ዓመት ማንም። ይህን ሳስብ የባሰ ተናደድኩብህ። ስለዚህ እስክትመጣ እንዲህ አድርግ፦ ተቀምጠህ አንድ እግርህን ዘርጋ። ረጅም ጨርቅ፣ መታጠቂያህም ሊሆን ይችላል፣ ውስጥ እግርህ ላይ አድርግና ሁለቱን ጫፍ ይዘህ ወደ ራስህ ሳበው። ጉልበትህ እንዳይታጠፍ። ባትህን ወጠር ያደርግሃል፤ እሱ ደግ ነው። ስል ሕመም ከሆነ ግን ተው። ለእያንዳንዱ እግር አምስት አምስት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። በእያንዳንዱ ሠላሳ እስኪቆጠር መያዝ አለብህ፤ መቁጠር ከሰለቸህ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይበቃል። አታፍጥነው ብቻ።

ገና ይቅር ያላለችህ እህትህ
የብርጓል
ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 3