«ዩ» ስንት ሰው ነው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
አሁን ከክፍል መግባቴ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ እንግሊዝኛ! አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት የምቆርጥበት ኮምፒውተር አማርኛ አያውቅም፣ ምን ላድርግ። ዛሬም የንግግር ልምምድ ጥንዴ ወ/ሮ አስቴር ናቸው። ናት ልበል፣ እዚህ ማን ይሰማኛል። አያት ሰፈር ልብስ ስፌት ቤት አላት። እሷም ባሏን፣ እኔም ሚስቴን ከቀበርን ቆየን። ሦስት ወር ሙሉ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ስንባባል በሩ ላይ መንገድ እንዘጋለን።

መምህሯ «ዩ» ለአንተም፣ ለአንቺም፣ ለእርስዎም፣ ለእናንተም አንድ ነው አለች። የፈረንጅ ስንፍና አልኩ በልቤ። አስቴር ግን ዓይኔን እያየች «ዩ» ስትለኝ ስንፍናውን ወደድኩት። ስንወጣ የእናቷን ጤና ጠየቅኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
እሑድ እንጦጦ በእግር እንውጣ ልላት ፈልጌ ግማሽ ሰዓት ስልኬ ላይ አፈጠጥኩ። «ይምጡ» የስብሰባ ጥሪ መሰለኝ። «ነይ» ድፍረት ሆነብኝ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ መልእክቱን በእንግሊዝኛ ጻፍኩት! «ዩ» ገላገለችኝ። «ኦኬ» አለች። ሸሚዝ ላስተኩስ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16
ጉድ ሆንኩ። እናቷንና ሁለት እህቶቿን ይዛ መጣች! «ዩ»ን «እናንተ» ብላ ተረድታዋለች። የእናቷን ጤና መጠየቄም አሳስቷታል። ምን ይባላል፣ ወጣን።

እናትየው ዳገቱ ላይ ክንዴን ይዘው ገና ከመነሻው «አንተ ልጅ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ባሕር ዛፉ ውስጥ አረፍ ስንል ማንን እንደጠራሁ ጠየቁኝ። እሷን ብቻ ነበር፣ ጥፋቱ የእንግሊዝኛው ነው አልኩ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አስቴር በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እስክንወርድ ድረስ ከእህቶቿ መሃል አልወጣችም።

ሰኞ
መልእክት የለም። ምን አናገረኝ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ። ቅዳሜ ጥንድ ትቀይር ይሆናል። ፈራሁ፣ እውነቱን ልናገር።

ማክሰኞ፣ ረፋድ፣ ላምበረት መናኸሪያ፣ የትኬት መስኮቴ ላይ
መልእክት ገባ። በአማርኛ ነው። «እሑድ ብቻዬን ልምጣ? አንተ ምን ትላለህ?»

አንተ!

ለደሴ ተሳፋሪ የጎንደር ትኬት ቆርጬ ሰውዬው ጮኸብኝ። ይቅርታ ጠይቄ ቀየርኩለት። ይጩህ፣ እሱ ምን ያውቃል። ሰልፉ ረዝሟል፣ ይታገሰኝ። መልሱን ያለ እንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ሁለት ፊደል ናት።

«ነይ።»

ላክሁት።