ከዶልሜ መንደር ስለተገኙት ሃያ ሁለት አዳዲስ መስመሮች

ኖቬምበር 13

ለሚሪኔ ቴሌኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ
ለክቡር ሶኑ ኪሶፕ
ሴኡል

ጉዳዩ፦ ለዕድገትዎ ምስጋና ስለማቅረብ

ኩባንያዎ ባለፈው ማክሰኞ ባወጣው የሦስተኛ ሩብ ዓመት ሪፖርት፣ የመስመሮቹ ቁጥር ከአምናው ተመሳሳይ ወቅት በ2.3 በመቶ መጨመሩን አስታውቋል።

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ባለ አክሲዮኖችዎም እንደምን ሰንብታችኋል? የኖቬምበር ብርድ እንዳይነካዎ፣ ወገብዎም ጉልበትዎም እንዲጸና ከልብ እመኛለሁ። ሕፃን በማይወለድበት አገር፣ ስልክ የሌለው ሰው ተፈልጎ በማይገኝበት ገበያ፣ ሁለት የሚበልጡዎ ተፎካካሪዎች ግራና ቀኝ ቆመው እያዩ በ2.3 በመቶ ማደግ ጤና የሚጠይቅ ሥራ ነውና።

ይህን ዕድገት ማድነቅ ሙያዬም ያስገድደኛል። በአንድ የክፍለ አገር ጋዜጣ የኢኮኖሚ ገጽ ላይ ስለ ስልክ ገበያ ስጽፍ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የዛሬውን ደብዳቤ ለመጻፍ የደፈርኩት ግን ከጨመሩት መስመሮች መካከል ሃያ ሁለቱ ከየት እንደመጡ ስለማውቅ ነው። የመጡት ከጎሁንግ ወረዳ፣ ከዶልሜ መንደር፣ ከአረጋውያን መዋያ ቤት ነው። ሴቶቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ ታብሌት ደርሷቸዋል። የሁሉም ታናሽ የሰባ አራት ዓመት ሴት ናቸው። ከአሥራ አንዱ አንዷ እናቴ ናት።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይደበላለቅብዎ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ የማመሰግነው ስለ አቆጣጠርዎ ነው። በእናንተ ሙያ ነባር ደንበኛ «የቤት ጥንቸል»፣ የተፎካካሪ ደንበኛ ደግሞ «የተራራ ጥንቸል» ይባላል። የተራራው ጥንቸል ወደ እናንተ እንዲመጣ ስልኩ በነፃ ይሰጠዋል፤ የቤቱ ጥንቸል ከጎጆው ስለማይወጣ ምንም አያስፈልገውም። እናቴ ለሃያ ሦስት ዓመት የእርስዎ የቤት ጥንቸል ሆና ስትኖር የተሰጣት ነገር ቢኖር በየዓመቱ መጨረሻ የሚላክላት የመልካም ምኞት መልእክት ነው። አሁን ግን የተራራው ጥንቸል አልቋል፤ ሦስታችሁ የምትነጣጠቁት ያንኑ ጥንቸል ነው። በዚህ የተነሣ የቤቱን ጥንቸል ጆሮና ጅራት ለየብቻ መቁጠር ተጀመረ። ሰዓቱ አንድ መስመር፣ ታብሌቱ አንድ መስመር። እናቴም ጠዋት አንድ ደንበኛ ሆና ወጥታ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆና ተመለሰች። ተፎካካሪዎም አልተኛ፤ ወኪሉ በሳምንቱ ከእኛ ማዶ ባለው መንደር ደርሶ የሕፃናት ታብሌት ሸጧል። በዚያ መንደር ሕፃን የለም።

፪. ቀጥሎ የማመሰግነው ስለ ሞ ነው። ሞ በወረዳው ከተማ የኩባንያዎን ሰሌዳ ሰቅሎ ሱቅ የሚያስተዳድር አርባ ዓመት የሞላው ወኪል ነበር። ባለፈው ዓመት ኦክቶበር፣ ሩዙ በታጨደ በሳምንቱ፣ የኩባንያዎን ሰደርያ ለብሶ፣ ሁለት ካርቶን ኑድልና አንድ እቅፍ የሽንት ቤት ወረቀት ይዞ ወደ መዋያ ቤቱ ገባ። የሴቶቹን ትከሻ አሸ። የወጣትነት ዘመናቸውን ዘፈን አብሮ ዘፈነላቸው። ከዚያ ሰዓቱን አወጣ።

«እናቶቼ፣ ይሄ የልብ ምት ይቆጥራል። ብትወድቁ እሱ ራሱ ልጆቻችሁ ጋ ይደውላል። በነፃ ነው።»

እትዬ ሁዋሳን (በመንደራችን ያገባች ሴት የምትጠራው በተወለደችበት መንደር ስም ነው) የዋዛ ሴት አይደሉም።

«አንተ ልጅ፣ በነፃ ከሆነ ፈርሙ የምትለን ለምንድን ነው?» አሉት።

«መቀበላችሁን ለማረጋገጥ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው እናቴ!»

«እኔ የተቀበልኩትን ነገር ባሌም አስፈርሞኝ አያውቅ» አሉና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያን ጊዜ አንዲትም ሴት አልፈረመችም።

፫. እዚህ ላይ ምስጋናዬን ለኩባንያዎ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል አቀርባለሁ። ሞ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ከቦርሳው በላስቲክ የተለበጠ የጋዜጣ ቁራጭ አወጣና መሀል ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ርእሱ «ዲጂታሏ አያት መጣች» ይላል። በደቡብ ክፍለ አገር ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴቶች የእጅ ሰዓትና ታብሌት መስመር በብዛት እያወጡ እንደሆነ፣ ይህም ለጤናቸውም ለገበያውም መልካም ዜና እንደሆነ ያትታል።

ያን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የጻፍኩት ከምሳ በፊት፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ፣ ከሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ የተላከውን መግለጫ ፊቴ አስቀምጬ ነው። መግለጫው ውስጥ ስማቸው ያልተጠቀሰ የሰባ ስድስት ዓመት እናት «ሰዓቴ ከልጄ ይልቅ ያስብልኛል» ብለው ነበር። ሴትዮዋ ማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚኖሩ አልጠየቅሁም፤ ዐረፍተ ነገሩ ያምራልና ወደ ጽሑፉ አናት አወጣሁት። ለአንዲትም አያት አልደወልኩም። በዚያው ሰዓት እናቴ ስትደውልልኝ «ጽሑፍ ላይ ነኝ፣ ኋላ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁባት፤ ኋላም አልደወልኩም።

እናቴ ቁራጩን አንሥታ ስሜን አነበበች። «ይሄማ የሳንግሆ ነው! የልጄ ጽሑፍ ነው!» አለች። «ልጄ ውሸት አይጽፍም» አለችና የመጀመሪያዋ ፈራሚ ሆነች። እትዬ ሁዋሳንም «እንግዲህ የጎክሲል ልጅ ከጻፈው ምን ይባላል» ብለው ብዕሩን ተቀበሉ። ጎክሲል የእናቴ መጠሪያ ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አሥራ አንዱም ፈርመው ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ታትሞ በላስቲክ የተለበጠው ደግሞ በምን እንደሚታሽ እስካሁን አላገኘሁም።

ነፃው ነገር ነፃ የነበረው ለሦስት ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ከየሴቶቹ የባንክ ሒሳብ በየወሩ ሠላሳ አንድ ሺህ ዎን በራሱ እየወጣ ቆይቷል፤ ይህንም ያገኘችው ከጓንግጁ የመጣችው የእትዬ ሁዋሳን ልጅ ናት። አሁን ውሉን ማፍረስ ለሚፈልግ ቅጣት አለበት። እኔ የሰማሁት ባለፈው ወር ለቹሶክ የመከር በዓል አገር ቤት ስገባ ነው። እናቴ ብቻዋን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ለዘጠኝ ዓመት ከሁሉ ቀድማ ሄዳ የመዋያ ቤቱን የወለል ማሞቂያ የምታበራ ሴት መሄድ ካቆመች ሦስት ሳምንት እንደሆናት የነገረችኝ ጎረቤት እንጂ እሷ አይደለችም።

እንደ ወጉ አንድ ሳጥን ፖም ይዤ ወደ መዋያ ቤቱ ሄድኩ።

«የጋዜጣው ጌታ መጣ!» አሉ እትዬ ሁዋሳን ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «ዛሬስ ምን ልታስፈርመን ነው?»

«ተዪው እንጂ፣ እንግዳ ነው» አሉ አንዷ።

«አልተወውም! አየህ ልጄ፣ እኛ ሞን ያመንን መስሎህ ነው? ሞን ማን ያውቀዋል? አንተን ነው ያመንነው። የሽንት ጨርቁን ያጠብንለትን ልጅ!»

ፖሙን እዚያው ትቼ አቀርቅሬ ወጣሁ። ፖሙን በማግሥቱ ጠዋት ሳጥኑ ሳይከፈት በራችን ላይ አገኘነው። እናቴ አየችውና ወደ ውስጥ አስገባችው።

፬. ለጻፍኩልዎ አቤቱታ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ሞ ራሱን የቻለ ነጋዴ እንጂ የኩባንያዎ ሠራተኛ አለመሆኑን፣ ፊርማዎቹም የሴቶቹ የራሳቸው መሆናቸውን በትሕትና ገልጸውልኛል። ሰደርያው የእርስዎ፣ የሱቁ ሰሌዳ የእርስዎ፣ የውሉ ወረቀት የእርስዎ፣ መስመሮቹ የተደመሩበት ሪፖርት የእርስዎ ሆኖ ሳለ ሰውዬው ብቻ የማንም አለመሆኑን ባይነግሩኝ ኖሮ አላውቅም ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለውም እውነት ነው፤ ወረቀቱ እርስዎ ዘንድ ነው፣ ሞኙን ለመፈለግ ግን ከስሜ አልፈው መሄድ አያስፈልግዎም።

ሞን ፈልጌ አገኘሁት። ሱቁን በበጋ ዘግቶ ሱንቾን ውስጥ የመልእክት ዕቃ ያደርሳል። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ለስላሳ ገዝቶ ጋበዘኝ።

«ጋሼ፣ በወር አርባ አዲስ መስመር ካላመጣሁ ሰሌዳውን ያነሡብኝ ነበር። አርባ! በወረዳው ውስጥ አርባ አዲስ ሰው የሚገኘው መቃብር ቦታ ነው። እነዚያ እናቶች በአንድ ከሰዓት ግማሹን ሞሉልኝ። ያን ቀን ሚስቴ ሥጋ ጠበሰች።» ለስላሳውን ጨለጠና «የእርስዎ ጽሑፍ ግን ጥሩ ነበር» አለኝ። «ከኩባንያው ከተሰጠኝ ወረቀት ሁሉ የሠራልኝ እሱ ነው።» ለማመስገን ነው ያለኝ፤ ፊቱን አይቻለሁ።

ጋዜጣዬ ማረሚያ እንዲያወጣ አርታኢውን ጠየቅሁ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብቦ «ምኑ ነው የሚታረመው? ቁጥሩ ልክ ነው እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ቁጥሩ ልክ ነው።

፭. በመጨረሻ የማመሰግነው ስለ ደንበኞች ቅሬታ ጉባኤዎ ነው። ከፈራሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት፣ ማለትም ከአሥራ አንዱ ስድስቱ፣ በአንድ ማመልከቻ ላይ ከፈረሙ ጉባኤው ውሎቹን ያለ ቅጣት ሊፈታ እንደሚችል ጽሕፈት ቤትዎ ነግሮኛል። ማመልከቻው የሚፈረመው በቅርንጫፍ ቢሮ፣ በታብሌት ላይ ብቻ እንደሆነም ነግሮኛል። ታብሌት ዳግም ላያዩ የማሉ ሴቶች መሆናቸውን ባስረዳሁ ጊዜ የስልክ አስተናጋጇ «እኛ ወረቀት ትተናል ጌታዬ» አለችኝ፤ በሦስተኛው ጥሪ ግን አንዲት ወረቀት በፖስታ ላካችሁልኝ። ለወረቀቷ አመሰግናለሁ።

ወረቀቷን እኔ ይዤ ልዙር ብዬ ነበር። እትዬ ሁዋሳን ከአጥር ውስጥ ሆነው «አንተ ወረቀት ይዘህ እንዳትመጣብን!» ብለው መለሱኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሽንኩርቱን አስቀመጠችና እጇን ታጠበች።

«ወረቀቱን አምጣው» አለችኝ። «በእኔ እጅ ገቡ፣ በእኔ እጅ ይውጡ።»

«እማዬ፣ ይሰድቡሻል።»

«ይስደቡኝ። ታዲያ ሲሰድቡኝ በር ከፍተው አይደል?»

ለመራመድ የምትደገፍበትን ጋሪዋን እየገፋች፣ አምና ያስፈረመቻቸውን ሴቶች እንደገና ለማስፈረም በር ለበር መዞር ከጀመረች ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። ከርቀት እያየኋት መንገድ ዳር እቆማለሁ፤ እንዳልጠጋ አዝዛኛለች። ለጉባኤው እንድነግርላት የሰጠችኝ ቃልም ይህ ነው፦ «የእኔን ይተዉት፣ እየከፈልኩ እኖራለሁ። የእነሱን ይፍቱላቸው።»

እኔ ደግሞ የምለምንዎ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። ጉባኤው ውሎቹን ከፈታ በደብዳቤው ላይ «ጎክሲል ጎረቤቶቿን አላታለለችም» የሚል ቃል በኩባንያዎ ማኅተም ሥር ይጻፍልኝ። እኔ ብጽፈው ከእንግዲህ የሚያምነኝ የለም።

ላስገኙት ዕድገት፣ ላሳዩት ትዕግሥት፣ እስከዚህ ድረስ ላነበቡበት ውድ ጊዜዎ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ በክብርና በትሕትና ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የ2.3 በመቶዎ ተባባሪ
ጉክ ሳንግሆ

ግልባጭ፦
ለዶልሜ መንደር አረጋውያን መዋያ ቤት (በትልልቅ ፊደል)

ማሳሰቢያ፦ ይህን እስከጻፍኩበት ሰዓት ድረስ እናቴን ጨምሮ አምስት ሴቶች በእስክሪብቶ ፈርመዋል። ስድስተኛዋ እትዬ ሁዋሳን ናቸው፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ በራቸውን ከፍተው ወረቀቷን ሦስት ጊዜ ካስነበቡ በኋላ «ውሸት ከሆነ አጠፋዋለሁ» ብለው በእርሳስ ፈርመዋል። በእስክሪብቶ እንዲደግሙት እናቴ አልጠየቀቻቸውም፤ እኔም እንድትጠይቃቸው አልነገርኳትም። በእርሳስ የተፈረመ ፊርማ ኩባንያዎ እንደ ፊርማ ይቈጥረው እንደሆነ ለጽሕፈት ቤትዎ ዛሬ ጠዋት ጽፌአለሁ፤ በእርሳስ ያልተፈረመውን ሲቈጥሩ ፈጣን ስለነበሩ መልሱ እንደማይዘገይ ተስፋ አለኝ። ጉባኤው የሚሰበሰበው ኖቬምበር 27 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው።