በስምህ ያለው ሱቅ

ይድረስ ለልጄ ለሙንዲር። አሰላሙ ዓለይኩም፤ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ።

አስቀድመህ መረዳት ያለብህ ይህ ነው፦ ጅጋ ያለው ቤታችን ለመንገድ ማስፋፊያ ይፈርሳል፤ ካሳውም ተገምቷል። እኔም እህትህ አሪፋም ደህና ነን።

ገማቾቹ ሥራቸውን በአግባቡ ሠርተዋል። አጥሩን ዘንግተውት ነበር፤ ሳስታውሳቸው መዘገቡት። ለቤቱ ፈርሜያለሁ። በስምህ ያለው ሱቅ ግን ሳይፈረምበት እንዳለ ነው። ከገማቾቹ አንዱ፣ የድሮ ተማሪዬ አንዷለም፣ መሬት መሬት እያየ፣ «መምህር፣ ባለቤቱ ካልቀረበ ወራሹ እርስዎ ይፈርማሉ» አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሳትጠየቅ መመለስ ዛሬም አልተውክም?» አልኩት። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አሪፋ ግን ወደ ጓዳ ገባች። ስልክህን ዛሬም በየጠዋቱ ትሞክራለች።

የመጨረሻው ደብዳቤህ ከመተማ ከመጣ ሁለት ረመዳን አልፏል። የፖስታው መንገድ አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ። ሱቅህን መጨረሻ ላይ እንዲያፈርሱት ለምኜ እሺ ብለውኛል። ጎረቤቶቻችን ወደ አዲሱ ሰፈር ሄደዋል፤ እኔ ደጁ ላይ እቀመጣለሁ። በቡሬ በኩል አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ተነሥቼ የሚወርዱትን አያለሁ።

ይህን ደብዳቤ ወደ መተማ ለሚሄድ ነጋዴ ሰጥቼዋለሁ። ለሱቅህ የምትፈርመው አንተ ነህ። አላህ ይጠብቅህ። አንድ መስመርም ቢሆን፣ በራስህ እጅ ጽፈህ ቶሎ መልስልኝ።

አባትህ ኑርሁሴን