ነገረኞቹ ስፒከሮች

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድሮ ጓደኛዬ፣

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብህ ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? የገረሴ ብርድ ጉልበትህን እያሳመመህ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህስ፣ ልጆችስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ባለቤቴ ዕድላዊትም ስኳሯ አንዳንዴ ከፍ ከማለቱ በስተቀር ጤና ነች። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ያልጻፈልኝ ሰው ዛሬ ምን ነክቶት ነው እንደምትል አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርህ፤ ስፒከር አስመርሮኝ ነው።

አትሳቅ። ጡረታ ስወጣ ለራሴ አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ፤ ቁጭ ብዬ መዝሙር በወጉ የምሰማበት ክፍል። የእንግዳ ክፍሉን ባዶ አደረግኩት። ድምፁ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን በዶርዜ ቡልኮ ሸፈንኩት። የዕድላዊት የወንድም ልጅ አሮን አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ዕቃ ያስመጣል። ሁለት ጥንድ ስፒከር ላከልኝና፣ ጋሼ፣ ሁለቱንም ይስሟቸውና የወደዱትን ያስቀሩ፣ ሌላውን ይመልሱልኝ፤ ሁለት ሳምንት ይበቃዎታል አለኝ። ሁለት ሳምንቱ አምስት ሆነ!

አንደኛው ጥንድ ረጅም ነው፤ ደረቴ ድረስ ይደርሳል፣ አንዱን ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሌላው ትንንሽ ነው፤ ከፍ ባለ እግር ላይ ይቀመጣል። ረጃጅሞቹ ሲከፈቱ ቤቱ በሙሉ ይሞቃል። ቤዙ ከወለሉ ተነስቶ ሆድህ ውስጥ ይገባል፣ ዘማሪው ሁሉ ጎበዝ ይሆናል። ትናንሾቹ ግን ይቅርታ አያውቁም። ዘማሪው ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል፣ ጊታሩ ትንሽ ከወረደ ይሰማል፣ ከኋላ ሰው ካሳለ እሱም ይሰማል። ዕድላዊት ገና በመጀመሪያው ቀን፣ እነዚህ ነገረኞች ናቸው፣ ቶሎ መልሳቸው አለችኝ። በቤታችን ስማቸው ነገረኞቹ ሆኖ ቀረ።

እኔ ግን መወሰን አቃተኝ። ጠዋት ረጃጅሞቹን እመርጣለሁ፣ ከሰዓት ሐሳቤን እቀይራለሁ። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ሳርቅ፣ ሁለት ጣት ስመልስ፣ ወደ ውስጥ ሳዞር ወገቤ ተላቀቀ። ልክ ሊጥመኝ ሲል መብራት ይጠፋል። መብራቱ ሲመጣ ዝናብ ይጀምርና ቆርቆሮው መዝሙሩን ይውጠዋል። ዝናቡ ሲያባራ አሮን ይደውላል፤ ጋሼ፣ ወሰኑ? የመጣ እንግዳ ሁሉ ደግሞ አዋቂ ሆነብኝ። ከጫኖ ማንጎ ይዞልን የመጣ ዘመድ እንኳ ቆሞ ትንሽ ሰማና፣ ለዚህማ አዳራሽ ነበር የሚያስፈልግህ ብሎኝ ሄደ። አንገሸገሸኝ።

በመጨረሻ፣ በደንብ በማውቀው ድምፅ ልፈትናቸው አልኩ። ያ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ በ1989 ዓ.ም. በካሴት የቀረፅነው የኳየራችን መዝሙር።

ያ ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ አዳራሹ ውስጥ ሁለት ማይክራፎን በግራና በቀኝ አቁሞ እንደቀረፀን አትረሳም። ሦስተኛውን ስንኝ የምንለው እኔና አንተ ብቻ ነበርን፤ አንተ በቀኙ፣ እኔ በግራው። በማግስቱ የኳየሩ መሪ ጋሽ ኦይታ ሁላችንን ሰብስበው በዚያች ባለ አንድ ስፒከር ቴፕ ሲያሰሙን፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ አንዱ ድምፅ ወርዶ ከዜማው ወጣ። ሁለቱ ድምፆች ስለተደባለቁ የማን እንደሆነ አይለይም። ጋሽ ኦይታ ገና ማነው ሳይሉ፣ ወደ አንተ ጠቁሜ እሱ ነው አልኩ። አንተ አንድ ጊዜ ብቻ እኔ አይደለሁም አልክ። ለሁለት ወር ከኳየሩ ወጥቶ ይለማመድ ተባለ። ሁለት ወሩ ሳይሞላ ገረሴ የማስተማር ሥራ ይዘህ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ እንዳልቆምክ ሰው ነግሮኛል። ጋሽ ኦይታ ሲደክሙ ኳየሩን የተረከብኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ በረጃጅሞቹ ከፈትኩት። እንዴት ያምራል! ሁለታችን አንድ ድምፅ ሆነን፣ ቤዙ ተሸክሞን አለፈ፤ ስህተቱ ራሱ የት ገባ እስክል ድረስ። ዕድላዊት ከማጀት መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማችና፣ አለቀ፣ እነዚህ ናቸው አለች። እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት?

ነገረኞቹን ቀጠልኩ። እመነኝ፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው የገባ ነው የመሰለኝ። እያንዳንዱ ዘማሪ በቆመበት ቆሟል። ሦስተኛው ስንኝ ሲደርስ የአንተ ድምፅ በቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ንቅንቅ አላለም። የወረደው ድምፅ የመጣው ከግራ ነው።

ሽቦው ተገላብጦ ይሆናል ብዬ ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ግን ከበሮው የነበረው እኔ አጠገብ ነው፤ ከበሮውም ከግራ ይመጣል። ካሴቱ አርጅቶ ነው አልኩ፤ ካሴት ቢያረጅ ሁለታችንንም ባወረደን ነበር። ለአሮን ደውዬ ዕቃህ ብልሽት አለበት ብዬ ጮህኩበት። ምን ዓይነት ብልሽት ነው ጋሼ ሲለኝ ስልኩን ዘጋሁበት።

መሳሳቴ አይደለም የከበደኝ፤ ሰው ይሳሳታል። የከበደኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ለምን እንደዚያ እንደቸኮልኩ ነው። የማን ድምፅ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቆም ብሎ ያዳምጥ ነበር።

ባለፈው እሑድ ጋሽ ኦይታን በባጃጅ አመጣኋቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ጆሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው። አንዴ ሰሙት። ድገመው አሉኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ፣ ይኼን ለእኔ ምን ታሰማኛለህ? ባለቤቱ ገረሴ አይደል ያለው? አሉኝ። በጉባኤው ፊት ቆሜ ልናገር ስላቸው፣ አስቀድመህ ለእሱ ብለው ሻይም ሳይጠጡ ተነሱ።

ረጃጅሞቹን ትናንት በአይሱዙ ጭኜ መለስኳቸው። ዕድላዊት ተቆጣች፤ ደስ የሚለንን ሰደህ እንቅልፍ የሚነሳህን አስቀረህ አለችኝ። ልክ ናት።

ስልክ ቁጥርህን ሰው ሰጥቶኛል፤ ሃሎ ስትል እዘጋዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነው የጻፍኩት። ጉልበትህ ከፈቀደልህ አንድ ቅዳሜ ና። ክፍሉ ውስጥ ግራና ቀኙ በደንብ የሚለየው አንድ ወንበር ላይ ብቻ ነው። እዚያ ትቀመጣለህ፤ እኔ ከፍቼልህ በረንዳ ላይ እወጣለሁ፤ እስኪያልቅ አልገባም። ሰምተህ ሳታናግረኝ መሄድ ከፈለግህ መናኸሪያ የሚያደርስህ ባጃጅ በሩ ላይ ይጠብቅሃል፤ አልቀየምህም። ከተጣራህ ግን እሰማለሁ።

ጌታ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ልጆችህን ይባርክልህ፣ ከቤትህ ዝማሬ አያጥፋ። ወንድምህ ብዬ ልፈርም ነበር፤ እሱን አንተ እስክትለኝ እጠብቃለሁ።

አብሮህ ይዘምር የነበረው